ከጭልፋ የተሞረደው ክንድ

ሰፈሩ ሁሉ «ግራሶ» ይላታል። አርባ ዓመት ብስክሌት ስትጠግን ጥቁሩ ቅባት ጥፍሯ ሥር ገብቶ ቤቱን ሠርቷል፤ ቢታጠብ አይለቅ፣ ቢፈተግ አይለቅ።

በወጣትነቷ፣ ታላቅ ወንድሟ የሚወዳደርበት ብስክሌት ካምቢዮው አሮጌ ነበር፤ ከባሕር ማዶ ፋብሪካ ወጥቶ፣ ሦስት ጋላቢ አልፎበት የደረሰው። ትልቁ ውድድር ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚገፋው ክንዱ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። መለዋወጫ ተፈልጎ ታጣ። እሷ የእናታቸውን የብረት ጭልፋ እጀታ ቆርጣ፣ ብረት ጨምድዶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አስራ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሞርዳ በተሰበረው ክንድ ቦታ ገጠመችው።

«አንቺ ልጅ፣ ከእንግዲህ ሾርባውን በፔዳል ላማስለው ነው?» ብለው እናቷ ጮኹ።

ወንድሟ አሸነፈ። ያንን ሁሉ ዳገት ያወጣው የማድ ቤት ዕቃ ነው፤ ማን ያምናል!

«አንድ ቀን ለሰው ሁሉ እናገራለሁ፣ እናቴ ትሙት!» አላት። በሬዲዮ ሲጠየቅ ግን ፋብሪካውን አመሰገነ። ሳይናገር ሞተ።

ባለፈው ወር የብስክሌተኞች ክበብ ጸሐፊ ሱቋ ድረስ መጣ። ከወንድሟ ብስክሌት ተፈትቶ መደርደሪያዋ ላይ የተቀመጠውን እያሳየ፣ «እትዬ፣ ይህ ካምቢዮ ታሪክ ነው። መስታወት ውስጥ እናኑረው።» ሰጠችው፤ የጭልፋውንም ነገር ነገረችው። ደብተሩ ላይ ሲጽፍ ከእስክሪብቶው ጫፍ ዓይኗን አልነቀለችም።

የክበቡ የታሪክ አዳራሽ በተከፈተ ቀን አዲስ ሻርፕ ለብሳ ሄደች። ካምቢዮው መብራት ሥር ያበራል። ካርዱ ላይ የፋብሪካው ስም፣ የተሠራበት ዘመን፣ የወንድሟ ስም አለ። ክንዱ ግን ሌላ ነው።

«የኔስ?»

«ደስ ይበልዎት እትዬ፣ ኦሪጂናሉን ከውጭ አስመጣን! ያ ቅጥያ ነገር መልኩን አበላሽቶት ነበር።» ከኪሱ አሮጌውን ክንድ የያዘ ፖስታ አውጥቶ ሰጣት።

«የጻፍከውስ?»

«ካርዷ ትንሽ ሆነችብን።»

«ሰንሰለቱንስ ይቀይራል? ሞክራችሁታል?»

«ኧረ እትዬ፣ ለመታየት እኮ ነው! ማን ሊጋልበው?»

«ያሸነፈው ይሄ ነው» አለች፣ ፖስታውን ከፍ አድርጋ። ጸሐፊው ግን ወደ ሌላ እንግዳ ዞሯል።

ቤቷ ስትገባ፣ ከእናቷ ሞት ወዲህ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለውን ጉማጅ ጭልፋ አወረደች። ብረቱን ከፖስታው አውጥታ ከተቆረጠበት ቦታ ጋር ገጠመችው።

አልገጠመም። ያኔ ለወንድሟ ስትል አብዝታ ሞርዳዋለች።