መርፌ የሰበረ ጎማ

የባሌ ብስክሌት ጎማ የሚተነፍሰው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነበር። ከድሬዳዋ ወደ ሁርሶ ሲኬድ፣ ግራሮቹ እሾሃቸውን መንገድ ላይ የሚያራግፉበት፣ አንዲት ሴት በዳስ ውስጥ ሻይ የምትሸጥበት ቦታ።

ከማንም አልሰማሁም፣ ራሱ ነው የነገረኝ። «ዛሬም እዚያችው ሻይ ቤት ጋ ተነፈሰብኝ። ደግነቱ ሴትዮዋ ሳፋ አላት» ይለኛል፣ ላቡን እየጠረገ። ጎማ የጠገነ ሰው ያውቃል፤ የውስጡን ጎማ ነፍተው ውሃ ውስጥ ካልነከሩት ቀዳዳው የት እንዳለ አይታወቅም። አረፋው ነው የሚናገረው። እኔም በአንድ ሳፋ ውሃ የተነሳ እንቅልፍ አጣሁ።

ያን ጊዜ ደርግ ቤንዚኑን በኩፖን አድርጎት ስለነበር እሁድ እሁድ መንገዱ የብስክሌተኛ ነበር። ባሌ ባቡር ጥገና ነው የሚሠራው። አንድ ጣሊያን፣ አገር ጥሎ ሲሄድ፣ የሸጠለት ኮርሳ የሚሉት የእሽቅድምድም ብስክሌት ነበረው፤ ቀጭን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘ። ጎማ ካልተነፈሰበት ሁርሶ ደርሶ ሳይወርድ የሚመለስ እሱ ብቻ ነበር። ይህን ወሬ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ያላወራሁላት ሴት አልነበረችም። የሽመና ማሽን ጩኸት ጆሮ ይደፍናል፣ እኔ ግን ከማሽኑ በላይ እየጮህኩ አወራ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን፣ ከጎኔ የምትሠራው ጓደኛዬ አፏን ጆሮዬ ላይ ለጥፋ፣ «አንቺ፣ ያቺ እሾህ ባልሽን ብቻ ነው እንዴ የምታውቀው?» አለችኝ።

ሳቅኩ። ሳቁ ግን ከጥርሴ አላለፈም። ቤት ገብቼ፣ «ሻይዋ እንዴት ነው?» አልኩት።

«ጣፋጭ ነው፣ አቦ! ስኳር አትሰስትም።»

እኛ ቀበሌ ተሰልፈን የምናገኛትን ስኳር ለእንግዳ ብቻ ነበር የማወጣት። እሷ ግን አትሰስትም! ከየት አምጥታ? መልኳን ሳላውቀው በሐሳቤ ሣልኳት፤ አንዴ ቁመት ጨመርኩላት፣ አንዴ ጸጉር፣ አንዴ ዕድሜዋን ቀነስኩላት። እኔው እያሳመርኩ እኔው ነደድኩ።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እሾህ የማይበሳው ጎማ ካገኘሁለት መቆሚያ ምክንያት አይኖረውም።

ከጅቡቲ በባቡር ዕቃ የምታመጣ ሴት መጋላ ሰፈር ነበረች። ቤቷ ስሄድ ገና ከባቡር መውረዷ ነው። ድራዓዋን፣ ያን ሰፊ የሱማሌ ቀሚስ፣ ገልጣ ከወገቧ ላይ ሁለት ጎማ ፈታች፤ ኮንትሮባንድ የሚፈትሹት ፊናንሶች እርጉዝ ናት ብለው ወንበር ለቀውላታል።

«መንታ ወለድኩልሽ፣ እህቴ» አለችና ምንጣፉ ላይ ዘረጋቻቸው። «ይሄኛውን ውሰጂ፣ ወላሂ፣ መስታወት ነው!»

እውነትም ያብረቀርቃል፤ ጎኑም እንደ ወተት ነጭ ነው። ሌላኛው ድፍን ጥቁር፣ ሸካራ፣ መልክ የሌለው ነበር። እኔ ስለ ጎማ ምንም አላውቅም፤ ስለ ጨርቅ ግን አውቃለሁ። ሁለቱንም ገልብጬ ሆዳቸውን አየሁ። የጎማ ሆድ ጨርቅ ነው። በነጩ ላይ ጥፍሬን ሳሳልፍ ክሩ ተከፈተልኝ፤ ድሩ የሳሳ ነው። በጥቁሩ ላይ ጥፍሬ ዝም ብሎ ተንሸራተተ። ክሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጨርቁም ድርብ ነበር።

«ይሄን» አልኩ።

«ይሄን አስቀያሚ? ባልሽን ትጠይዋለሽ እንዴ?»

«ቆንጆ ነገር አልፈልግም። የፊትም የኋላም ከዚሁ ዓይነት ስጪኝ።»

ጥንዱን ባለፈው ካመጣችው ከጓዳ አወጣችልኝ። ይሄም አልበቃኝም። ከፋብሪካ ከወዳደቀ ሸራ ቀጭን መቀነት ቆረጥኩ፤ ሦስት እጥፍ አድርጌ ሰፋሁና በጎማውና በውስጡ ጎማ መካከል እንዲያስገባው ሰጠሁት። ይደሰታል ብዬ ስጠብቅ ጥቁሩን ጎማ እያገላበጠ በእጁ መዘነው።

«ምነው?»

«ከባድ ነው» አለ። «ደህና ነው ግን። እግዜር ይስጥልኝ።»

እሁድ ሄደ። ድሮ የሚመለሰው የቀትሩ አዛን ካለፈ በኋላ ነበር፤ መጠገኑ ስለሚያቆየው። አሁን ቀድሞ ይመጣል ብዬ ምሳ አድርሼ በር ላይ ቆምኩ። አዛኑ ተባለ፣ ጸጥ አለ፣ ሰው ከመስጊድ ወጣ። በዚያችው በድሮዋ ሰዓት መጣ።

«ተነፈሰ?»

«ኧረ ምን ተንፍሶ! ድንጋይ ነው።»

በሳምንቱም እንደዚያው። በሦስተኛውም። ድሮ ቢያንስ እሾህ ነበር የሚያስቆመው። አሁን ወዶ ነው የሚቆመው።

ቅዳሜ ከሰዓት ጸጉሩን ሊስተካከል ወጣ። ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ያየኛል። የጆንያ መርፌ አነሳሁና የኋላውን ጎማ ወጋሁት፤ ነገ እንዳይሄድብኝ። አልገባም። ጉልበቴን ጎማው ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ተጫንኩ። ቀጭ! መርፌው ተሰበረ፣ ቁራጩ ጎማው ውስጥ ቀረ፣ ጣቴ ደማ። ራሴ የመረጥኩት ጎማ! ራሴ የሰፋሁት ሸራ! ሥራዬ ጥሩ በመሆኑ ያለቀስኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

እሁድ ጠዋት እንደ ልማዱ ጎማውን በመዳፉ ሲዳብስ እጁ አንድ ቦታ ቆመ። በጉጠት ነቅሎ ብርሃን ላይ አየው፤ ከዚያ የታሰረውን ጣቴን አየ።

«ይሄ የግራር እሾህ አይደለም» አለ።

«አይደለም። ጎማህ ካልተነፈሰ ለምንድነው የምትቆመው?»

አልተቆጣም። ብስክሌቱን ወደ ውጭ ገፋና፣ «ነይ፣ ተቀመጪ» አለኝ፣ መሪውና ኮርቻው መካከል ያለውን ብረት መታ መታ እያደረገ። ነጠላዬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ጎረቤት አየን፣ ሳቀም።

ከከተማ ሳንወጣ ትንፋሹን ከጆሮዬ ኋላ ሰማሁት። መጀመሪያ የኔ ክብደት ነው ብዬ አፈርኩ። ቀጥሎ ትንፋሹ ያፏጭ ጀመር። ትንሿ አቀበት ላይ ወረደና እየገፋ ሄደ። ሳይወርድ የሚመለሰው ባሌ!

ሻይ ሻጯ ከሩቅ አየችን። ቆንጆ ናት። ሐሳቤ አልዋሸኝም፣ እንዲያውም አሳንሼያት ነበር። እሷ ግን ሳፋም ሻይም አላመጣችም። ጥላው ሥር ምንጣፍ ዘረጋችና ትራስ ግንዱ ላይ አስደገፈች።

«ደረትህ ዛሬ ባሰበት፣ ወንድሜ?» አለችው።

ተንጋለለ። ትንፋሹ እስኪመለስለት ጠበቅን። ከዚያ ዓይኑን ግራሩ ላይ ተክሎ፣ «ሁርሶን ካየሁ ሁለት ክረምት ሆነኝ» አለኝ። «እዚህ አርፌ ነው የምመለሰው። አንዳንዴ እውነትም እሾህ ነበር። አንዳንዴ አልነበረም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ ለፋብሪካው ሁሉ እያወራሽ ሁርሶ ስታደርሺኝ እንዴት ብዬ?»

በነጠላዬ ጫፍ ላቡን ጠረግኩለት።

ሴትዮዋ ሻይ ሰጠችኝ፤ እውነትም ጣፋጭ ነበር። አመሰገንኳት። ቅናቴ ግን አልወጣልኝም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ። በመልኳ መቅናቱን ተውኩት። የቀናሁት ትራሱን የት እንደምታስደግፍለት በማወቋ ነው። እኔ ቤት ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲያስል ብርድ ነው ይለኝ ነበር፣ አምኜውም እተኛ ነበር።

ሰኞ ፋብሪካ ስገባ ጓደኛዬ በማሽኑ ጩኸት መሃል፣ «ባልሽ ትናንትና ሁርሶ ደረሰ?» ብላ ጮኸች።

«አልደረሰም!» ብዬ ጮህኩላት። «አብረን ነበርን፣ ሻይ ጠጥተን ከመንገድ ተመለስን!»

ሌላ የምጨምር መስሏት ጆሮዋን አስጠግታ ጠበቀች። የተቆረጠውን ክር ቀጠልኩና ማሽኔን አስነሳሁ።