የታንጉት እልልታ

ቢቸና ውስጥ ያለ ወይንእሸት ሠርግ አይደምቅም። እልልታዋን አንዴ ከለቀቀችው የገበያው አህያ ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። ሰው መቅዳቱንስ ማን ብሏት! የቄሱን ሳል፣ የነጋዴውን አረማመድ ስታመጣው ሆድ ያሳምማል። ዘንድሮ በድል በዓል ለት ግን ማንንም አላሳቀችም።

አያቷ ታንጉት በጣሊያን ጊዜ ለዘማቹ ስንቅ ተሸክማ ወጥታ ነበር። ከሞጣ በኩል የመጣው ጠላት ዘማቹ ያለበትን ኮረብታ ሊይዘው ሲል የኛዎቹ ተፈቱ፣ ቁልቁል ሩጫ! ታንጉት ስንቁን ወዲያ ጥላ፣ ሴቶቹን ከጎኑ ካለው ጉብታ ላይ አውጥታ እልልታውን አቀለጠችው። እልልታ መቼም ለድል ነው። ሯጩ «አሸነፍን እንዴ?» ብሎ ዞረ። ጠላትም «ሌላ ጦር ደረሰላቸው» ብሎ ተደናገጠ፤ በዚያው ተመታ፣ በመጣበት ተመለሰ። ታንጉት ግን ያችው ጉብታ ላይ በጥይት ቀረች።

ወይንእሸት የምትለምነው አንድ ነገር ነው፤ በበዓሉ የአያቷ ስም ይጠራ። «እሺ» ሲሏት ከረሙ። የበዓሉ አዘጋጅ ስጦታው ነው፣ የጤፍ ነጋዴው። የሱ አያት ጓዴ ከነዚያ ሯጮች አንዱ ነበር። ከዞረ በኋላማ ተዋግቷል፣ አይካድም።

በዋዜማው ስጦታው ቤቷ ድረስ መጣ።

«እትዬ ወይንእሸት፣ ነገ ፊት ይቀመጡልኝ። እኔ ስፎክር፣ ‹ጓዴ!› ስል ያቅልጡት።»

«ታንጉትስ?»

«እሷንማ ‹እናቶቻችን› ብለን በጅምላ አስገብተናል።»

«በጅምላ የሚሸጠው ያንተ ጤፍ ነው! እሷን ጥይት በጅምላ አልመታትም!» ብላ በሩን ጠረቀመችበት። ንዴቱ እራቷን እንኳ አላስበላትም። ወሬው ግን ቢቸና ውስጥ አያድርም፤ ጎህ ሳይቀድ ሴቱ ሁሉ ሰማ።

በበዓሉ ስጦታው ጎፈር ደፍቶ መድረኩ ላይ ዘለለ፦

«ጦሩ ሁሉ ሲሸሽ በግ መስሎ ተበትኖ፣
ብቻውን መለሰው ጓዴ አንበሳ ሆኖ!
ጓዴ!»

ብሎ ጠበቀ።

ፉከራ ያለ እልልታ ጠላ ያለ ጌሾ ነው። ወይንእሸት ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች። አጠገቧ ያለችውም ሳበች። ከዚያ ወዲያ ረድፉ ሁሉ።

«ጓዴ እኮ ነው!» አለ ስጦታው። አንድ ሕፃን አስነጠሰ እንጂ ማንም ትንፍሽ አላለም። ላቡ በጎፈሩ ሥር ወረደ። ወዲያው ከመድረኩ ወርዶ ወደ ባጃጁ ገሰገሰ፤ ወይንእሸት መንገዱ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«አዋረዱኝ!»

«እኔ? ያያትህን ሩጫ ነው የሮጥከው! እሱ ግን እልልታ ሲሰማ ዞረ። አንተም ተመለስና ስሟን ጥራ፤ ዛሬ ያልሰማኸውን እልልታ አሰማሃለሁ።»

ስጦታው ማይኩን አየ፣ ሰዉን አየ። «ንዳው!» አለ ሹፌሩን።

ወይንእሸት ማንንም ሳታስፈቅድ መድረክ ወጣች። ማይኩን ያዘች።

«ታንጉት!» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ነጠላው ሁሉ ካፍ ላይ ወረደ። እልልታው የስጦታውን ባጃጅ ደጀን መውጫ ላይ ደረሰበት አሉ። ሹፌሩ እንደሚለው፣ ስጦታው ዞር ብሎ አላየም።