የሁለተኛው በረኛ ካርድ

ጳውሎስ አካባቢ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረቀት ላስጠርዝ ገብቼ የኮላው ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ወይ ጉድ፣ ጋሽ ደምሴ ትዝ አሉኝ። ያንን ሽታ አልወደውም።

ጋሽ ደምሴ አዲሱ ገበያ ጠባብ ፎቶ ቤት ነበራቸው። የሰፈራችንን የኳስ ቡድን ልጆች አንድ በአንድ ያነሱና በጥቁርና ነጭ አጥበው ካርድ ያደርጓቸዋል። ካርዱን ሻይ ውስጥ ይነክሩታል፤ ሲደርቅ ቡናማ ሆኖ የአባቶቻችንን ዘመን ፎቶ ይመስላል። «ድሮ እንዲህ ነበር» ይሉናል። እኛ ስለ ድሮ ምን ገዶን! የምንፈልገው አጥቂዎቹን ነበር፤ ተቀያሪዎቹን ማን ያያቸዋል? እሳቸው ግን ለሁሉም እኩል ያጥባሉ። «ተቀያሪም እናት አለው» ሲሉ እንስቅባቸው ነበር።

ጨዋታችን ካርድ መሬት ላይ አስተኝቶ በመዳፍ መምታት ነው፤ የገለበጠ ይወስደዋል። ስስ ካርድ ቶሎ ይገለበጣል። ስለዚህ የምንወደው አጥቂ እንዳይበላብን፣ ከጀርባው አንድ ተቀያሪ ፊቱን ወደ ውስጥ አድርገን በኮላ እንለጥፍበታለን። በዚህ ጨዋታ እኔን የሚችል ወንድ አልነበረም።

እኔ የለጠፍኩት ካሳሁንን ነበር፤ ሁለተኛውን በረኛ፣ የጎረቤታችን የእትዬ ብዙነሽን አንድ ልጅ። በዚያው ክረምት መኪና ገጭቶት ሞተ። ለለቅሶው ፎቶ ቢፈለግ የለም። ኪሱ ውስጥ የነበረችው መታወቂያ ደም ነክቷት ተበላሽታለች። የፎቶ ቤቱ ጣሪያ አፍስሶ ኔጋቲቮቹን ዝናብ ጨርሷቸዋል። ጋሽ ደምሴ ጃንጥላ ይዘው ካርድ ያለውን ልጅ ፍለጋ በየቤቱ ዞሩ። እኛ በር ሲደርሱ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነበር።

«የኔ ልጅ፣ የካሳሁን ካርድ አለሽ? እናቱ ፊቱን እያዩ ያልቅሱ» አሉኝ።

«የለኝም ጋሼ» አልኩ። አጥቂዬ እንዳይቀደድብኝ ብዬ! ልጅነት ነው ይባላል፤ እኔ ግን አልለውም። ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ላይ ማልያው ተዘርግቶ ተለቀሰ።

ከአርባው በኋላ አላስችል ሲለኝ ካርዱን ለጋሽ ደምሴ ይዤላቸው ሄድኩ። በፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ ይዘው ቀስ እያሉ ላጡት። አገጩና የአንድ እጁ ጓንት ብቻ ተረፈ፤ ሌላው ከኮላው ጋር ተነሳ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ለእናቱ እንዳትነግሪ» ብቻ አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ተቀያሪ ባነሱ ቁጥር አንዱን ካርድ ራሳቸው ለእናቱ ያደርሱ ነበር፤ እስኪሞቱ ድረስ። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ የሳቸው ካርድ እንደ ጉድ ይፈለጋል። የአጥቂዎቹ ሞልቷል፤ የተቀያሪዎቹን ግን እኛው ስላጠፋናቸው ዋጋቸው አይቀመስም። ሰብሳቢዎች ሰፈር ድረስ መጥተው ቢለምኑ እናቶቹ «ልጄን አልሸጥም» ብለው መለሷቸው።

ባለፈው እሁድ እትዬ ብዙነሽን ልጠይቅ ሄድኩ። በጣም አርጅተዋል። እጄን ያዝ አድርገው፣

«ልጄ፣ መልኩ እየጠፋብኝ ነው። አንቺ ታስታውሺዋለሽ?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ» አልኩ። እስቲ ንገሪኝ እንዳይሉኝ ፈርቼ ተነሳሁ።