ለባንክም ለማርያምም የተሰጡ ባትሪዎች

ውዱ ስትፈራ አታለቅስም፤ እጇን ትታጠባለች። ሕፃን ሆናም እንዲሁ ነበረች። ነጎድጓድ ሲያጓራ ሌላው ልጅ ቀሚሴ ውስጥ ሲደበቅ፣ እሷ ወደ እንስራው ትሮጥ ነበር። ባለፈው ኅዳር ታዲያ ቤታችን ውስጥ ውኃ አልበረክት አለ። የእጇ ቆዳ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ አይቼ ቅቤ ልቀባት ብል፣ “ተዪኝ እምዬ፣ ምንም አልሆንኩም” አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የደበቀችኝ ነገር እንዳለ የገባኝ።

ውዱ የልጄ ልጅ ናት። ገና ጥርስ ሳታበቅል እናቷ አረፈችና እኔ አሳደግኋት፤ እዚሁ ላሊበላ፣ በዚሁ የድንጋይ ቤት። አድጋ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆነች። እንግዳ ሲጠፋ ሥራውም ጠፋ። ወልድያ ሄዳ የኤሌክትሪክ ሙያ ተምራ ተመለሰች። ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣና መብራት ለወራት ተቋረጠ። እሷ ጣሪያችን ላይ ሁለት ሶላር ዘርግታ የሰፈሩን ስልክ ቻርጅ ታደርግ ጀመር። ከብልባላ ወዲያ ካለችው ከቀጭን አምባ ሳይቀር የመንደሩን ስልክ በከረጢት ሰብስበው በእግራቸው የሚመጡ ነበሩ።

“ከሚመጡ እኛ ብንወስድላቸውስ?” አለች አንድ ቀን። እንዲህ ተጀመረ።

ባልደረባዋ ሳሊሕ ነው። የጋሸና ልጅ ነው፤ መገንጠያው ላይ የከባድ መኪና ኤሌክትሪክ ይጠግን ነበር። ሁለቱ አንድ ትንሽ የመብራት ኩባንያ አቋቋሙ። ሶላሩም፣ ባትሪውም፣ ምሰሶውም፣ ሽቦውም በባንክ ብድር ተገዛ። ባንክ ደግሞ በባዶ እጅ አያበድርም፤ መያዣ ይጠይቃል። መጀመሪያ የተገዛው ዕቃ ራሱ፣ ሶላሩና ባትሪው በየቁጥሩ ተመዝግቦ፣ መያዣ ሆነ። አልበቃም።

“ይህ ገደል አፋፍ ላይ የተተከለ ዕቃ ነው፤ ብንሸጠው ማን ይገዛናል? ሌላ ጨምሩ” አሉ የባንኩ ሰው።

ያን ጊዜ የእኔ ቤት ተጨመረ። ዋስ ሆኜ ፈረምኩ። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነውና፣ በጣቴ ሳይሆን በስክርቢቶ ስሜን የጻፍኩበት የመጀመሪያው ወረቀት ያ ነው፤ ደመቀች ብዬ። ጸሐፊዋ “ጎሽ እማማ!” አለችኝ። ደስ ብሎኝ ነበር።

የባንኩ ሰው በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። “ያቺ ቀይ ሞተር ሳይክልስ?”

“እሷ በስሜ ናት” አለ ሳሊሕ። “እሷ እንኳ ለእኔ ትቅር ጌታዬ። ከምሰሶ ምሰሶ በምን ልዞር ነው?”

ይህን አልወደድኩለትም። እኔ ጣሪያዬን ሰጥቼ እሱ ሞተሩን ይሰስታል ብዬ ቂም ያዝኩበት።

መብራቱስ በራ። ቀጭን አምባ ወፍጮ ተተከለ፤ የጤና ኬላው ማቀዝቀዣ መሥራት ጀመረ። ችግሩ ዕቃው የሃያ ዓመት ዕቃ፣ ብድሩ ግን የሦስት ዓመት ብድር መሆኑ ነው። ምሰሶና ሽቦ የበላው ገንዘብ የሚመለሰው በየወሩ፣ ከየቤቱ፣ በትንሽ በትንሹ ነው። ገበሬው ደግሞ እህሉን ሳይወቃ ከየት ያመጣል? ባንኩ ግን ይህን አይሰማም። ሦስተኛው ዓመት ላይ መክፈል አቃታቸው። ማስጠንቀቂያ መጣ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ ካልተከፈለ መያዣው በሐራጅ ይሸጣል የሚል። ከመያዣው የትኛው ቀድሞ እንደሚሸጥ አላጣሁትም። ላሊበላ ላይ ያለ ቤት ገዢ አያጣም።

ከዚያ በኋላ እንቅልፌ ተበላሸ። ውሻ በጮኸ ቁጥር የሐራጅ ማስታወቂያ ሊለጥፉ የመጡ እየመሰለኝ በሩን ከፍቼ አያለሁ።

ውዱ ስትሮጥ ከርማ መውጫ አገኘች። ለመብራት ሥራ ብቻ የሚያበድር ድርጅት አዲስ አበባ አለ። የባንኩን ዕዳ ጠቅልሎ ይከፍልና በምትኩ የአሥር ዓመት ብድር ይሰጣል፤ ክፍያውም አዝመራ እስኪገባ ይታገሣል። መያዣው ሶላሩና ባትሪው ነው። ከዚያ ሌላ ከደንበኛ የሚሰበሰበው ገንዘብ በሙሉ አንድ ሒሳብ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ላይ መጀመሪያ አበዳሪው የራሱን ያነሣል፣ የተረፈውን ኩባንያው ይወስዳል። ቤት ግን አልፈልግም አለ። ይህን ስትነግረኝ ከተቀመጥኩበት ወርጄ መሬት ሳምኩ።

ቀላል አልሆነም። ሁለቱ አበዳሪዎች “አንተ ቅደም” ተባባሉ። ባንኩ ገንዘቤ እጄ ሳይገባ መያዣውን አልለቅም አለ። አዲሱ ደግሞ መያዣው ሳይለቀቅ ገንዘብ አላወጣም አለ። ከብዙ ምልልስ በኋላ አዲሱ በጽሑፍ ቃል ገባ፤ ባንኩ የመልቀቂያውን ደብዳቤ አዘጋጅቶ ይጠብቀኝ፣ ሰው ልኬ ዕቃውን ላስቆጥር፣ ከተሟላ ወዲያው እከፍላለሁ ብሎ። ቆጣሪዋ ኅዳር ሃያ አራት ትመጣለች ተባለ። ውዱ እጇን መታጠብ የጀመረችው ይህን የሰማች ዕለት ነው።

ማሰሮውን ከእጇ ቀማኋት። “ምን ጎድሎ ነው? ንገሪኝ።”

“ሁለት ባትሪ፣ እምዬ።”

“ተሰረቀ?”

“አልተሰረቀም። ማርያም ዘንድ ነው።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ ዕቃውን የጫነው መኪና መንገድ ተዘግቶበት የገባበት ጠፍቶ ነበር። ውዱ ቀጭን አምባ ማርያም ደጅ ቆማ፣ ዕቃዬ በደኅና ከገባልኝ ሁለት ባትሪ ለቤትሽ ብላ ተሳለች። ዕቃው ገባ። እሷም ከመጠባበቂያዎቹ ሁለቱን አስገባች፤ ማሕሌት በእነሱ ብርሃን ይቆማል።

“ባትሪው የራስሽ አይደለም እንዴ?”

“የኩባንያው ነው። የኩባንያው ሁሉ ደግሞ ተይዟል። ቁጥራቸው ከነመያዣው ተጽፏል፤ ሳላስፈቅድ መስጠት አልነበረብኝም። ጠበቃውን ባማክረው፣ ሊያስከስስሽም ይችላል አለኝ።”

“ሌላ ገዝተሽ ተኪያ!”

“ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ወራት ይፈጃል። ቁጥሩስ መቼ ይገጥማል?”

ለባንክ መፈረሟ ልክ ነው። ስለቷን ማድረሷም ልክ ነው። ሁለቱም ቃል ግን አንድ ዕቃ ላይ ወደቀ። እዚህ አገር ደግሞ የገባ ስለት መልሱልኝ ብሎ የጠየቀ ሰው አላውቅም።

ሆኖም ሄድን። ቄሰ ገበዙ አባ ኃይለ ማርያም ዋርካው ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። መስቀል ተሳልመን ሁሉንም ነገርናቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙን።

“እማ ደመቀች፣ እኔ ዛሬ ይውሰዱ ብልዎት ነገ ጃንጥላ ያስገባው ጃንጥላዬን፣ ምንጣፍ ያስገባው ምንጣፌን ሊለኝ ነው። ስለት በልመና አይወጣም።”

“ታዲያ ልጄ ትታሰር፣ አባታችን?”

“እንደሱ አላልኩም። በኅዳር ጽዮን ስለቱን ለጨረታ እናወጣ የለም? ሁለቱን ባትሪ አወጣለሁ። እንደማንኛውም ሰው ትጫረት።”

የእኛ ልማድ ነው፤ በበዓል ቀን በጉም፣ ጃንጥላውም በአደባባይ ይጫረታል፣ ገንዘቡ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ይውላል። ማርያምን በሳንቲም መከራከር ነውር ስለሆነ ዋጋው ሽቅብ ብቻ ነው የሚሄደው። የገዛም መልሶ ለማርያም ይሰጥና አንዱ በግ በአንድ ረፋድ ሦስቴ ሲሸጥ አይቻለሁ። ይህ ነበር የሚያስፈራኝ።

ሌላም ፍርሃት ነበረኝ። የአጥር ጎረቤቴ ጋሻዬ ባለ ሆቴል ነው። በዚያው ሳምንት ከቤቴ ጀርባ ግድግዳዬን ተከትሎ፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያስነካ ሲለካ ደረስኩበት።

“ምን ጠፋህ ጋሻዬ?”

“ኧረ ምንም፣ እማማ። እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።”

እግር የሚያፍታታ ሰው እንዲህ አይራመድም። ውዱን፣ ለማንም እንዳትናገሪ፣ ሐራጅ ሊወጣ መሆኑን ካወቀ ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል አልኳት።

ኅዳር ሃያ አንድ ቀጭን አምባ ሞልታ ነበር። ቅዳሴው ወጥቶ ሕዝቡ ተቀመጠ። አጫራቹ አለሜ ነው፤ ድምፁ ገደል ያሻግራል። ከሰዉ መሐል ጋሻዬን አየሁት። ለካ እናቱ የዚያ አገር ሰው ናት።

“ሁለት ባትሪ!” አለ አለሜ። “እንደ በግ አይበላ፣ እንደ ጃንጥላ አይቀደድ! ማነው የሚጀምር?”

“አሥር ሺህ!” አለች ውዱ።

“ሃያ” አለ ጋሻዬ። “ለሆቴሌ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር እንግዳ እየሰደበኝ ተቸገርኩ።”

“ማርያም ትስማህ! አንቺስ ውዱ? ራስሽ ሰጥተሽ ራስሽ ልትወስጂ አማረሽ?”

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ውዱ ሠላሳ አለች። ጋሻዬ ሠላሳ አምስት አለ። “አርባ” አለች። የያዘችው ያ ብቻ ነበር።

“ሃምሳ” አለ ጋሻዬ፣ ሞቅ እያለው።

ውዱን አየኋት። ነጠላዋ ሥር ሁለት እጆቿን ታሻሻለች፤ ያለ ውኃ ትታጠባለች። ተነሥቼ እውነቱን ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ። ያ ሰው ግድግዳዬን ሲለካ ትዝ አለኝ። ብናገር ቤቴን አሳየዋለሁ፤ ባልናገር ባትሪው ይሄዳል።

“ሃምሳ አንደኛ!” አለ አለሜ። “ሃምሳ ሁለተኛ!”

“ከውጭ የሚጫረት ይቆጠራል ወይ?” የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

ሳሊሕ ነው። ከአጥሩ ውጭ ሞተሩን ተደግፎ ቆሟል። አለሜ ወደ ቄሰ ገበዙ ዞረ። አባ ኃይለ ማርያም ፈገግ አሉ።

“ማርያምን እነሱስ መቼ ሳያከብሯት ቀሩ? ይቆጠራል።”

“እንግዲያው ሞተሬን!” አለ ሳሊሕ።

“በብር ተናገር እንጂ! ለማርያም ሞተር ምን ታደርግላታለች?”

“ከሃምሳ ትበልጣለች። ጋሻዬን ጠይቁት፤ ሽጥልኝ እያለ ስንት ጊዜ አድርቆኛል።”

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሻዬም ሳቀ። “አንተ ሰውዬ፣ ከምሰሶ ምሰሶ በምን ልትዞር ነው?”

“በእግሬ። እነሱን እስካሁን ማንም አልመዘገበብኝም።”

ጋሻዬ ራሱን አከከ፤ ባትሪዎቹን አየ፤ ሞተሯን አየ። “ተውኩት” አለ። ወዲያው ሞተሯ ለጨረታ ወጣች፣ ጋሻዬም ገዛት። ለሆቴሉ አትክልት ያመላልስባታል አሉ።

እኔ ቤቴን፣ ኩባንያው ዕቃውን ሁሉ አስረን ቆመን ሳለ፣ ያልታሰረችው ያቺ የተቀየምኩባት ሞተር ብቻ ነበረች። ባትሪዎቹን በቃሬዛ ተሸክመው ቦታቸው አደረሷቸው።

ቆጣሪዋ በቀኗ መጣች፤ ፍሬ የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ናት። እያንዳንዱን ቁጥር እያነበበች ምልክት ታደርጋለች። ጠርገን የጨረስን መስሎን ነበር። አንዱ ባትሪ ጎን ላይ የሰም ጠብታ ቀርቶ ኖሯል። በጥፍሯ ፋቀችው።

“ይህ ምንድን ነው?”

ግድግዳውን ያዝኩ። ዘይት ነው ትበላት ብዬ በልቤ ለመንኩ። ውዱ ግን፣ “ጧፍ ነው” አለች። “ቤተ ክርስቲያን ነበር። መያዣ መሆኑን ሳላስብ ለስለት ሰጥቼው፣ በጨረታ ገዝተን መለስነው። የቤተ ክርስቲያኑ ደረሰኝ ይኸው።”

ፍሬ ደረሰኙን አነበበች። ቁጥሩን ዳግመኛ አየች። ወፍጮው ከሩቅ ያጓራል።

“አሁን ሁሉም እዚህ ነው?”

“ሁሉም እዚህ ነው።”

“ሌላ የተሳልሽው አለ?”

“የለም።”

“ከዛሬ ጀምሮ እኛን ሳታስፈቅጂ እንዳትሳዪ” አለች። ቀልዷን ይሁን ከምሯ ከፊቷ ላይ ማንበብ አልቻልኩም። ውሉ ሲመጣ ግን አየነው፤ መያዣውን መሸጥ፣ ማከራየት፣ በስጦታ መስጠት ክልክል ነው ከሚለው ቀጥሎ “በስለትም ቢሆን” ተብሎ ተጨምሯል።

ገንዘቡ እስኪያልፍ የነበሩት ቀናት ከሁሉም የከፉ ነበሩ። ባንኩ አልደረሰኝም ይላል፤ አዲስ አበባ ልከናል ይላል። በወሩ መጨረሻ ቀን ሳሊሕ ከቀጭን አምባ በእግሩ ደረሰ፤ ጫማው አፈር ጠጥቶ ነጭ ሆኗል። ውኃ አሙቄ አቀረብኩለት።

“ኧረ እማማ፣ ይተዉ! እርስዎ እግሬን ሊያጥቡ?”

“ዝም ብለህ እግርህን አስገባ” አልኩት፣ ሳፋውን እየገፋሁ።

ቁርጭምጭሚቱን ይዤ ሳለሁ ውዱ ስልኳን እንደያዘች እየሮጠች ገባች። “ተለቀቀ! እምዬ፣ ቤትሽ ተለቀቀ! ካርታውን ነገ ውሰዱ አሉ!”

ሳሊሕ “አልሐምዱ ሊላህ!” ብሎ ሲነሣ ውኃው መሬት ላይ ፈሰሰ። እኔ እዚያው እርጥቡ ላይ ተቀመጥኩ። አሥር ዓመት ገና ይከፈላል፤ ሶላሩም፣ ባትሪውም፣ ከየቤቱ የሚመጣው ብርም እንደተያዘ ነው። ጣሪያዬ ግን የእኔ ነው። ውዱ እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ “ማርያምዬ፣ አሥሩን ዓመት በሰላም ካስጨረስሽኝማ…” ማለት ስትጀምር ከተቀመጥኩበት ዘልዬ አፏን በመዳፌ ገጠምኩት።

ከንፈሯ እጄ ውስጥ ሲስቅ ይሰማኛል። እኔ ግን እጄን አላነሣሁም።