ላኪው ያልታወቀ ጥቅስ

አቶ ወልደማርያምን በቅርብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ነው። በድሬ ዳዋ ለገሃር የዕቃ መቀበያ መስኮት በኩል ፊታቸውን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ በወር አንድ ቀን ደግሞ በገብርኤል ማኅበራችን አብረን በልተን ጠጥተናል። ቤታቸው ግን ገብቼ አላውቅም። የምጽፈው ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው፤ የቀረውን ከእኔ የሚሻል ሰው ይጻፈው።

አቶ ወልደማርያም በባቡር የሚላክ ዕቃ ተቀባይ ነበሩ። በዚህ ሥራቸው እንከን አይወጣላቸውም። ከጀልዴሳ በግመል የመጣ ቆዳም ይሁን ከከዚራ ሰፈር የወጣ የነጋዴ ሣጥን፣ የላኪው ስም በጉልህ ካልተጻፈበት አይቀበሉም። ሶማሌው ኩሊ ፋራህ ከረጢት ተሸክሞ መስኮቱ ሥር በቆመ ቁጥር የሚሰማው ይህንኑ ነው።

«ላኪው ማነው?»

«ወልደማርያም፣ ወላሂ አንገቴ ተሰበረ! መጀመሪያ ላውርደው፣ ከዚያ ትጠይቀኛለህ።»

«አንቱ በል! ደግሞም ስም ሳይጻፍበት አይወርድም።»

«ድሬ ዳዋ ላይ አንቱ የሚባለው ሼክና ቄስ ነው። አንተ የትኛው ነህ?»

ፋራህ መቀለዱ ነበር። አቶ ወልደማርያም ግን የምራቸውን ከቄስ በላይ ለመሆን ተነሥተው ነበር።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ አጋማሽ አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ገዙ፤ ከዚያ ወዲህ የሰፈራችን ሰላም ጠፋ። መጽሐፉን እንደ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አያነቡትም። ደስ ያላቸውን ቃል ባገለገለ የዕቃ ካርድ ጀርባ ላይ ይገለብጡና በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጡታል። ማን እንደ ተናገረው፣ ለማን፣ በምን ሐዘን ወይም በምን ደስታ እንደ ተናገረው ካርዱ አይናገርም። መዝሙር ይሁን ትእዛዝ፣ የሚያለቅስ ሰው እሮሮ ይሁን የእግዚአብሔር ፍርድ፣ እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ከገባ ሁሉም ሕግ ነው።

መዝሙረኛው እስኪያረጅ ድረስ የጻድቅ ልጅ እህል ሲለምን አላየሁም ብሎ ዘምሯል። አንድ ሽማግሌ ዕድሜውን እያሰበ አምላኩን ማመስገኑ ነው። አቶ ወልደማርያም ግን ይህን ካርድ ከጻፉ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጡት መመጽወት አቆሙ። «አባቱ ጻድቅ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው አይለምንም ነበር። የእግዚአብሔርን ፍርድ በአሥር ሳንቲም አላፈርስም» ይሉ ነበር። አሥር ሳንቲም ለማትረፍ ይህን ያህል ጥልቅ ንባብ ያስፈልጋል ብዬ አላምንም። የሙሽራይቱን አንገት ከግንብ ጋር የሚያነጻጽረውን የፍቅር ዝማሬ አንሥተው ደግሞ፣ ግንብ ዝግ ነውና ሴቶች አንገታቸውን ይሸፍኑ አሉ። በዚያ በድሬ ሙቀት!

እኛም ይህን ሁሉ እያየን የማኅበራችን ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢ፣ አድርገን መረጥናቸው። እኔም እጄን አውጥቻለሁ።

ከአባሎቻችን አንዷ ወለተ ጊዮርጊስ የባቡር ሠራተኞችን ልብስ አጣቢ ነበረች። በዚያ ዓመት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ልጆቿን በወባ ቀበረች። ሳይቆይ እጇ ቆሰለ። የሚያቆስለው የልብስ ሶዳው እንደ ሆነ አጣቢ ሁሉ ያውቃል፤ የኃጢአት ቅጣት ነው የሚል ሹክሹክታ ግን ተጀመረ። በዚህ መሀል ጽዋ የመቀበል ተራዋ ደረሰ። በደንባችን የሚቀጥለው ወር ደጋሽ ጽዋውን ከዚህ ወር ደጋሽ እጅ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ ጽዋ የተከለከለ ከማኅበሩ እንደ ተባረረ ይቆጠራል። እሷ ብትከለከል ደግሞ በኃጢአቷ ልጆቿን የጨረሰች እየተባለች ልትኖር ነው።

የዚያን ወር ደጋሽ ዘርፈሽ ነበረች። ቄሱ ባርከው ሌላ ማኅበር ወደሚጠብቃቸው ቤት ሄደዋል። ጎረቤቷ ፋራህ ያዋሳትን አግዳሚ ሊወስድ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ዘርፈሽ ጽዋውን አነሣች፤ ወለተ ጊዮርጊስም የታጠበ ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘረጋች። ይሄኔ አቶ ወልደማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቆይ! ጽዋው ወደዚያ ቤት አይሄድም» አሉና ይዘውት ከመጡት የብስኩት ቆርቆሮ ካርድ አወጡ። «ንጹሕ ሆኖ የጠፋ ማን ነው? ይላል። መጽሐፈ ኢዮብ፣ ምዕራፍ አራት። እኔ አይደለሁም፣ መጽሐፍ ነው ያለው። እህቴ፣ የደበቅሽው ነገር አለ፤ ንስሐ ግቢ።»

ቁስሏን የፈራ ሁሉ ፍርሃቱ ምዕራፍና ቁጥር ስለተገኘለት እፎይ አለ።

ወለተ ጊዮርጊስ ፊደል አልቆጠረችም። ነጠላዋን ግን አላጠፈችም።

«ኢዮብ ልጆቹን አልቀበረም?»

«ቀብሯል።»

«ገላውስ አልቆሰለም?»

«ቆስሏል።»

«ታዲያ ምን በድሎ ነው?»

«እሱማ ጻድቅ ነበር» አሉ ሳያስቡት።

«ልጆቼን የቀበርኩ ለት ቄሱ ታሪኩን ነግረውኛል። ሊያጽናኑት መጥተው ኃጢአተኛ ነህ ያሉት ወዳጆች ነበሩት። በኋላ እግዚአብሔር የተቆጣው በእሱ አይደለም፣ በእነሱ ነው። አሁን ያነበቡልኝ የማን ቃል ነው? የእግዚአብሔር ነው? የኢዮብ ነው? ወይስ የእነዚያ?»

አቶ ወልደማርያም ካርዱን ገለበጡት። በዚያኛው ገጽ የአንድ ከረጢት ቡና ላኪ ስም ከነሰፈሩ በጉልህ ተጽፏል። የቃሉ ባለቤት፣ እግዚአብሔር ከተቆጣቸው ከእነዚያ ወዳጆች አንዱ፣ ግን በየትኛውም ገጽ አልነበረም።

«ወልደማርያም» አለ ፋራህ ከደጃፉ፣ «ላኪው ያልታወቀ ዕቃ ከእኔ ትከሻ ላይ አንድ ቀን ተቀብለህ ታውቃለህ?»

አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለ።

«አንተ እስላም ነህ፤ በዚህ አያገባህም!» አሉ አቶ ወልደማርያም።

«አዩብ የእኛም ነቢይ ነው። እንዴት አያገባኝም?»

«እኔ እጄ ዛለ» አለች ዘርፈሽ፤ ጽዋውንም በተዘረጋው ነጠላ ላይ አኖረችው። ከልካይ አልተገኘም። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ቅድም እፎይ ያልነውም ለመሸኘት ብድግ አልን። ወለተ ጊዮርጊስ ደፉ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«ጽዋውን ይዣለሁ። ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም። በልጆቼ ሬሳ ላይ የፈረዱብኝ በማን ቃል ነው?»

አቶ ወልደማርያም ካርዱን ወደ ቆርቆሮው መልሰው ክዳኑን በመዳፋቸው ተጫኑት።

«ለዚህ መልስ አልሰጥም» አሉ።