የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል

በዳቦ ቤቱ ሰዓት የሚያይ ሰው አልነበረም። ዳቦው መብሰሉን የሚናገረው አፍንጫው ነው። አፍንጫው የሚባለው ጋጋሪው ራሱ ነው፤ የእናት አባቱን ስም ከሚስቱ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ደጅ ቆሞ ከጎረቤት ጋር ወሬ እየጠረቀ እንኳ፣ ድንገት ቀና ብሎ "አውጡት!" ካለ ይወጣል። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ትሪ አርሮበት አያውቅም።

ሌላው የታወቀበት ቀልድ ነው። ሚስቱ በመስኮቱ በኩል ዳቦ ስትሸጥ ደንበኛ ፊት እጅ እየነሳ "አለቃዬ፣ ውኃ ልጠጣ ይፈቀድልኛል?" ይላታል። ቀልዱን ከቁም ነገሩ የምትለይ እሷ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን አንዳንዴ ትሸወዳለች።

በዓመት አንዴ ሁለቴ ከንፈሩን ምች ይመታዋል። ከምድጃው ሙቀት ወደ ብርድ እየወጣህ ነው ብላ ትቆጣዋለች። እሱ ደግሞ "ከመሳም እረፍት ወጥቻለሁ፣ አለቃዬ" ይላል። ቁስሉ በሳምንቱ ይደርቃል፤ ይረሳል።

አንድ ጠዋት፣ ራሱን እያመመውና እያተኮሰው "ጉንፋን ነው" ብሎ ሥራ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ "የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል፤ አውጡት!" ብሎ ጮኸ። ምድጃውን ከፈቱት። ዳቦው ገና ነጭ ነው።

"ዛሬ ደግሞ ምን አሰብክልን?" አለው ሊጥ አቡኪው እየሳቀ።

ትንሽ ቆይቶ "ጎማ ነው፤ የተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል" አለ። አሁንም ተሳቀ። ያንኑ ሊጥ ሁለቴ ጨው ጨመረበት፤ ያም አሳቀ። ከዚያ ወደ መስኮቱ መጣና ሚስቱን ትክ ብሎ አያት።

"ስንት ዳቦ ልስጥዎት፣ እመቤቴ?"

ደንበኞቹ ከት ብለው ሳቁ። እሷም ሳቀች። ያንን ሳቅ እስከ ዛሬ ለራሷ ይቅር አላለችም።

እሱ ግን መልሷን እየጠበቀ ነበር። ዓይኑ ውስጥ ቀልድ የለም። ክው አለች። ግንባሩን ብትነካው እንደ ምድጃው ይፋጃል።

"እኔ ነኝ እኮ! አታውቀኝም?"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ በትሕትና፤ "ባለቤቴን እየፈለግሁ ነው።"

አቡኪው አሁንም ይስቃል። "ዝም በል!" ብላ አምባረቀችበትና ባሏን ከነሽርጡ ታክሲ ውስጥ አስገባችው። ሆስፒታሉ በር ላይ ሰውነቱ ተገታትሮ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ከጀርባው ፈሳሽ ተቀድቶ ተመረመረ። በማግስቱ አንዲት ወጣት ሐኪም ሚስቱ አጠገብ ቁጭ አለች።

"ከንፈሩ ላይ ቁስል ይወጣበታል?"

"ምች? አዎ። እሱ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?"

"አሁን ያሳመመውም ያው ምቹን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ምናልባት ልጅ እያለ ነው የያዘው። ቁስሉ ሲድን ቫይረሱ አይሞትም፤ የፊት ነርቭ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ብዙ ሰው ተሸክሞት ይኖራል፤ ከከንፈር አያልፍም። በጣም አልፎ አልፎ ግን አንጎል ውስጥ ይገባል። ለምን እሱን እንደመረጠው አላውቅም። የጎዳው ሽታና ትዝታ ያለበትን ቦታ ነው፤ የሌለ ቃጠሎ የሸተተውም ለዚያ ነው።"

"ይድናል?"

"መድኃኒት ጀምረናል፤ ቶሎ ማምጣትዎ ጥሩ ነው። በሕይወት ይተርፋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እርስዎን ያውቅዎት እንደሆነ ግን አሁን ልነግርዎት አልችልም።"

ፈራች። ሌባ ቢሆን በር ይዘጋበታል፤ ይሄኛው ግን እሷ ሳትገባ በፊት ቤቱ ውስጥ ነበር። ስንት ጊዜ ስማዋለች! ሳታውቀው የራሷን ከንፈር በጣቷ ዳሰሰች።

ሦስት ሳምንት ሙሉ መድኃኒቱ በየስምንት ሰዓቱ በደም ሥሩ ገባ። በየጠዋቱ አልጋው አጠገብ ቆማ "እኔ ማነኝ?" ትለዋለች። "ነርሷ" ይላታል። አንድ ቀን "እናቴ" አላት፤ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። በዐሥራ ሰባተኛው ቀን ስትጠይቀው አተኩሮ አያትና "ከአልጋ ልውረድ፣ ይፈቀድልኛል፣ አለቃዬ?" አለ። ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ወደ ሥራ የተመለሰው ከአራት ወር በኋላ ነው። የደንበኛ ስም ይጠፋዋል፤ ጨው መጨመሩን ሰው ይጠይቃል። ግድግዳው ላይ ሰዓት ተሰቀለ። ሐኪሟ "ቫይረሱ ተኝቷል እንጂ አልወጣም" ብላት ስለነበር የሚስቱ ዓይን ከከንፈሩ አይነሳም።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቱ በሰው ተጨናንቆ ሳለ፣ ከኋላዋ ድምፁን ሰማች።

"የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል።"

በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም። የያዘችው ዳቦ ከእጇ ወደቀ። ወደ ምድጃው የሄደ አልነበረም፤ ሁሉም ወደ እሱ ሮጠ። አቡኪው ታክሲ ለመጥራት ስልኩን አወጣ። እሷ ግንባሩን፣ አንገቱን፣ ከንፈሩን ትዳስሳለች።

"እኔ ማነኝ? ንገረኝ! እኔ ማነኝ?"

እሱ ከእጆቿ ለመላቀቅ ይታገላል። "ኧረ ልቀቂኝ፣ አለቃዬ! ዳቦው እኮ ነው የሚቃጠለው!"

ምድጃው ሲከፈት ጭሱ ቤቱን ሞላው። አራት ትሪ ዳቦ ከሰል ሆኗል። እሷ አንዱን አንስታ አፍንጫዋ ሥር ያዘችው።

ሸተታት።