በፍሪጅ የወለድኳት ልጅ

ጅማ ላይ በፍሪጅ ሴት ልጅ ወልጃለሁ። ሳቁ፣ ችግር የለም። የወሎዋ የሐይቅ ከተማ ሰው ሲስቅብኝ ነው ያደግኩት። የአከራዬ የልጅ ልጅ ዛሬ ልጄ ናት፣ እኔም አባቷ ነኝ፣ የወለደቻትን ሴትዮ ግን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ወላሂ! ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ ደክሞኛል፣ ወንዱ ልጄም ጀርባዬ ላይ ተኝቷል፣ ጮክ ካልኩ ይነቃብኛል።

ከሐይቅ የወጣነው የስልክ መጠገኛ ኪዮስኬ ለመንገድ ሥራ ከፈረሰች በኋላ ነው። ሚስቴ ዘይነባ እርጉዝ ነበረች። በማግስቱ ልንሄድ እናቴ ለመንገድ የሚሆን ቆሎ በፌስታል እየቋጠረች፣ "ጅማ ሰው አለህ?" አለችኝ።

"እማ፣ እኔ የሄድኩበት ሁሉ ሰው ራሱ ይመጣልኛል።"

"ስትወልድስ ማን ያርሳታል?"

"እኔ!"

ሳቀች። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነው የሳቀችው፤ እኔ ሳቅ ነው ብዬ ያዝኩት።

ጅማ ቡና ሲደርስ ስልክ የማይገዛ ሰው የለም ብለውኝ ነበር፣ እውነት ነው። ያልነገሩኝ ዝናቡን ነው። የሐይቅ ዝናብ መጀመሪያ ተራራው ላይ ቆሞ "መጣሁ" ይላል። የጅማው ሳያንኳኳ ነው የሚገባው። የታጠበ ካልሲ ሳምንት አይደርቅም። ምግብ ቤት ገብቼ የማሽላ እንጀራ ብል ጎደሬ አቀረቡልኝ። ጎደሬ ማለት ታሞ የተነሳ ድንች ነው። አሁን ለምጄዋለሁ፣ እንዲያውም ሲቀር ቅር ይለኛል፣ ግን እናቴ እንዳትሰማ።

የጅማው መርካቶ ሰፈር ውስጥ ቤት ስንፈልግ አዴ ሶፊያ ግቢ ደረስን። 'አዴ' እንደ እኛ 'እማማ' ማለት ነው፤ አዴ ሶፊያ አራት ክፍል የሚያከራዩ፣ በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ የሚቆጡ ባልቴት ናቸው።

"ስንት ናችሁ?" አሉ።

"ሁለት።"

የዘይነባን ሆድ አዩት። "ኤዬ፣ እሱስ? መንገደኛ ነው?"

"እሱ ገና ነው፣ አዴ።"

"ሲወለድ ያለቅሳል።"

"በእናቱ ከወጣ ድምፁም አይሰማም።"

"ባንተ ከወጣስ?"

"ያወራል።"

"እሱ ይብሳል" ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

ሙባረክ ተወለደ፣ በእኔም ወጣ። አራሷን እኔው አረስኳት። ገንፎዬ ጓጓላ ነበረው፣ ዘይነባ ግን አንድም ቀን አልተናገረችኝም፤ እየዋጠች ትስቃለች። ከአርባዋ ወጥታ ብዙ ሳትቆይ ቡና መጋዘን ለቀማ ገባች፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው ትለያለች። ማታ ስትመጣ ቅንድቧ ሳይቀር አቧራ ነው። ልጁ ደረቷ ላይ ሲንጠለጠል እሷ ቁጭ ባለችበት ታንቀላፋለች። ቀን ቀን ልጁ ከእኔ ጋር ነው፣ ስልክ ከምጠግንበት የጨርቅ ሱቅ በረንዳ፣ ከጠረጴዛዬ ሥር። አንድ እጄ ስልክ ይፈታል፣ አንድ እጄ ልጅ ያባብላል። የባጃጅ ሹፌሮቹ "ወሎዬው፣ ጡትህን አውጣለት እንጂ!" ይሉኛል። "ብርድ ይመታኛል" እላቸዋለሁ። ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ልጁ ግን ርቦት ነበር።

ጎረቤታችን ሄለን፣ አዋላጅነት የምትማር የአዲስ አበባ ልጅ፣ ይህን አይታ ነው አንድ ቀን ዕቃ ይዛ የመጣችው። ሲልኮን ከሚባል ላስቲክ የተሠራ ድፍን ነው፣ ለስላሳ፣ ብርጭቆ የሚመስል፣ አፉ እንደ ጥሩንባ የሰፋ። ገመድ የለው፣ ባትሪ የለው።

"ጋሽ አብዱ፣ አትጨናነቅ፣ ሲምፕል ነው። ሆዱን ጨመቅ አድርግ፣ ጡቷ ላይ ለጥፍ፣ ልቀቅ። ራሱ ስቦ ይይዛል። ልጁ በአንዱ ሲጠባ ከሌላው በከንቱ የሚፈሰው እዚህ ይጠራቀማል።"

ስልክ ፈትቶ የሚገጥም ሰው ይህን ሳይሞክር ለሚስቱ አይሰጥም። ክንዴ ላይ ፀጉሩ አላስያዘውም። ግንባሬ ላይ ለጠፍኩት። ያዘ! ስጎትተው "ጷ!" አለ። ዙሪያውን ቀይ ክብ ወጣብኝና መስጊድ ስገባ አንድ ሽማግሌ፣ "ማሻአላህ፣ አሰጋገድህ ግን ምን ዓይነት ነው?" አሉኝ።

ዘይነባ መጀመሪያ ፈራችው፣ ኋላ ለመደችው። ንጋት ላይ ሙባረክ ግራውን ሲጠባ ቀኙ ላይ ትለጥፈዋለች፣ ጠብ ጠብ ይላል። እኔ ዕቃውን እቀቅላለሁ፣ ወተቱን እገለብጣለሁ፣ ቀን ሙቅ ውሃ ውስጥ አሙቄ በማንኪያ አጠጣዋለሁ። አንድ ጠዋት ሙባረክ በእግሩ መታውና የተጠራቀመው ሁሉ ምንጣፍ ላይ ፈሰሰ። ዘይነባ አራስ ቤት ያላለቀሰችውን ያን ጠዋት አለቀሰች። እኔ ቀልድ የማያልቅብኝ ሰውዬ ምንጣፉን ይዤ ወጣሁ።

ፍሪጅ የለንም። አዴ ሶፊያ ስንለምናቸው ለምን ሳይሉ ከእሳቸው ፍሪጅ አንድ ጥግ ፈቀዱልን። እኔም ከገበያ ክዳን ያለው የማር ብርጭቆ ገዛሁ፣ ጥንቁቁ ሰውዬ!

በዚያው ሰሞን አዴ ሶፊያ በራችን ላይ ቆመው፣ "ወሩ ሲያልቅ ክፍሉን እፈልገዋለሁ" አሉ።

"ምን አጠፋን፣ አዴ?"

"ልጅህ ሌሊት ያለቅሳል። ፈቲያን ይቀሰቅስብኛል። ተማሪ ላስገባ ነው። ተማሪ አይወልድም።"

ፈቲያ የልጅ ልጃቸው ናት፣ እናቷ ዐረብ ሀገር ሠራተኛ ሆና ለአያቷ ትታት የሄደች። የቆርቆሮ ወተት ሲሰጧት ታስመልሳለች፣ ጉንጯ ተሟጦ ነበር። ለአዴ ሶፊያ ከደዶ ገጠር አንዲት ሴትዮ በማር ብርጭቆ የላም ወተት እያመጣች ፍሪጁ ውስጥ ታስቀምጣለች። ዘይነባ ገና ያልፈታናቸውን ዕቃዎች አየች። እንደገና ጭነት፣ እንደገና "ስንት ናችሁ?"። ሕፃን ታቅፈን ማን ያከራየናል?

ሌላ ጣጣ ተጨመረ። ጠዋት ሙሉ ያስቀመጥነው ብርጭቆ ቀትር ላይ ስሄድ ግማሽ ይሆናል። ዘይነባ ወተቴ እየነጠፈ ነው ብላ አጥሚቱን፣ ተልባውን፣ የነገሯትን ሁሉ ጠጣች። እኔ ዕቃውን ጠረጠርኩ፣ ብርሃን ላይ ይዤ ቀዳዳ ፈለግኩ። ፈቲያ ግን በዚያው ሳምንት ጉንጭ አወጣች። አዴ ሶፊያ ግቢው ውስጥ፣ "የደዶዋ ሴትዮ ወተቱን ውሃ እያደረገችው ነው። ግን ልጅቷ ተስማማት፣ አልሐምዱሊላህ!" እያሉ ያወራሉ።

ከዚያ የደዶዋ ወተት ሻጭ ራሷ መጣች፣ ባዶ እጇን። አዴ ሶፊያ ገና ከበር ጀመሯት።

"ውሃ ትሸጪልኛለሽ?"

"ማሎ፣ እባክዎ አዴ፣ የምን ውሃ? ላሜ ከነጠፈች ቆየች እኮ! ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።"

"ፍሪጅ ውስጥ ያለው የማን ወተት ነው ታዲያ? ያው የማር ብርጭቆሽ!"

እኔ በራችን ላይ ማንኪያ ይዤ ቆሜያለሁ። ዘይነባ እኔን አየችኝ። አዴ ሶፊያ ዘይነባን አዩ፣ ቀጥሎ ደረቷን፣ ቀጥሎ ፍሪጁን። "ያ ረቢ!" ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

ይህ የቀልድ ነገር አይደለም፤ በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ሕፃን የሌላ ሴት ጡት ከጠባ ዝምድና ነው፣ በብርጭቆም ቢሆን። ሁላችንም ተያይዘን የሰፈሩ ሼህ ዘንድ ሄድን።

"ስንት ጊዜ ጠጣች?" አሉ ሼሁ።

"በየቀኑ ነው፣ ሼኬ። ሳምንት አልፎታል" አሉ አዴ ሶፊያ።

"ጠግባ?"

"ጉንጯን አያዩትም?"

"እንግዲህ አለቀ። ዘይነባ የጡት እናቷ ናት። ይሄ አባቷ። ልጆቹ ወንድምና እህት ናቸው፣ አይጋቡም።"

"እኔ እኮ ልድራቸው አስቤ ነበር" አልኩ።

አዴ ሶፊያ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ሰው ጠፍቶ ነው? የዚህን ወሬኛ ልጅ?"

ስንመለስ ዝናብ ነው። አንድ ተማሪ ፍራሽ በባጃጅ ጭኖ በራፍ ላይ ይጠብቃል።

"ክፍሉ ተይዟል" አሉት አዴ ሶፊያ።

"ኧረ አዴ፣ ትናንት ይለቃሉ ብለውኝ ነበር!"

"ትናንት ተከራይ ነበር ያለበት።"

ፈቲያን ከጀርባቸው አውርደው ለዘይነባ ሰጧትና ገቡ። ዘይነባ ከነእርጥብ ልብሷ ቁጭ ብላ፣ አንዱን በግራ አንዷን በቀኝ ያዘች። ሲልኮኑ ያን ቀን ሥራ ፈታ። ኪራዩ ግን አልቀረልንም።

ለእናቴ ደወልኩ።

"እማ፣ ሴት ልጅ ወለድኩ።"

"በዚህ ፍጥነት?"

"በፍሪጅ።"

"ተው አብዱ!"

ሁሉንም ነገርኳት። ከበስተኋላዋ የሐይቅ ዶሮ ይጮሃል።

"ዘመድ አገኘሁ በለኛ።"

"አዎ እማ።"

"እንግዲህ አትመጣም።"

ኔትወርኩ ይቆረጥ ብዬ ጠበቅኩ። ሲፈልጉት አይቆረጥም።

"ውሸትህን ነው እንጂ" አለች፣ "በፍሪጅ ልጅ አይወለድም።" ልታምነኝ እንዳልፈለገች ገባኝ።

እናንተም አትመኑኝ። ጅማ ውረዱና መርካቶ ላይ ወሎዬው ስልክ ጠጋኝ በሉ፣ የባጃጅ ሹፌር ሁሉ ያመጣችኋል። አዴ ሶፊያን ጠይቁ፣ ሼሁን ጠይቁ፣ ደዶ ወርዳችሁ ላሟ መቼ እንደነጠፈች ጠይቁ። ስትመጡ ግን በሐይቅ በኩል እለፉና እናቴን ይዛችኋት ኑ። እሷ በዓይኗ አይታ ትመን።